ስምንት ጫፍ፣ ባለቀለም እርሳስና ግማሽ ሰዓት



ሙስሐፍ ስንከፍት በአንቀጾቹ መካከል ስምንት ጫፍ ያላት ኮከብ መሰል ምልክት እናገኛለን። የሒዝብ ሩብ የት ላይ እንደሚጀምር የምታሳየን እሷ ናት። ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ እናያታለን፣ እንዴት እንደምትሳል ግን አልጠየቅንም። ሁለት እኩል ካሬዎች ናት፤ አንዱ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ፣ ሌላው በ45 ዲግሪ ዞሮ የተደረበበት። በዛሬው ትምህርታችን እሷን በኮምፓስ ስለን በባለቀለም እርሳስ ቀስ ብለን እንቀባታለን። ሠዓሊ ለመሆን አይደለም፤ ከስልክና ከሀንዳውት መሀል ግማሽ ሰዓት የምታህል ጸጥታ ለማግኘት ነው።

«ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ፈተና ደርሶ ጥናት ከተቆለለ፣ የዕለቱ የቁርኣን ድርሻም ካልተቀራ፣ አዎ ነው። ከዚያ ውጭ ግን የሐንዘላን (ረ.ዐ) ታሪክ እናስታውስ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ሐንዘላ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲሆኑ የሚሰማቸው ነገር ቤት ገብተው ከቤተሰብና ከሥራ ጋር ሲጠመዱ ስለሚቀንስባቸው መናፍቅ የሆኑ መስሏቸው ደነገጡ። የተሰጣቸው መልስ ልብ ሁልጊዜ በአንድ ሁኔታ ላይ እንደማትቆይ፣ ለዚህም ለዚያም ጊዜ እንዳለው የሚያስረዳ ነበር።

ሌላው ጥያቄ ሥዕልን ራሱን ይመለከታል። ምስል እየሠራ የሚተዳደር አንድ ሰው ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ) በጠየቃቸው ጊዜ ከባዱን ማስጠንቀቂያ ካሰሙት በኋላ ወደ ዛፍና ነፍስ ወደሌለው ነገር መርተውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተወው። ጂኦሜትሪ ግን ከዚህ ውዝግብ የራቀ ሰፊ ሜዳ ነው። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ940 የተወለዱትና ባግዳድ ውስጥ የሠሩት አቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ የእጅ ባለሙያ ስለሚያስፈልገው ጂኦሜትሪ መጽሐፍ ጽፈዋል። ሊቃውንትና ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ሦስት እኩል ካሬዎችን ቆራርጦ አንድ ትልቅ ካሬ ስለማውጣት ሲወያዩ መገኘታቸውንም ይተርካሉ። ባለሙያው ለዓይን ከገጠመለት ይበቃዋል፤ ሊቁ ማስረጃ ይጠይቃል። (የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁለቱንም ስለሚጠየቅ ክርክሩ ለእኛ አዲስ አይደለም።)

ወደ ሥራው እንግባ። ወረቀቱ ከደብተር ወፈር ያለ ይሁን። ኮምፓሱን 6 ሴንቲሜትር ከፍተን ክብ እንሥራ። በማዕከሉ የሚያልፍ አግድም መስመር፣ ከዚያም ማዕከሉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው ሌላ መስመር እንስመር። የተፈጠሩትን አራት አንግሎች እኩል ለሁለት ስንከፍል ክቡ ላይ ስምንት ነጥብ ይኖረናል። አንድ አንድ ነጥብ እየዘለልን ስናገናኝ በአራት መስመር ወደ ተነሳንበት እንመለሳለን፤ አንዱ ካሬ ይኸው። ከቀሩት አራት ነጥቦች ሁለተኛው ይወጣል። ሁለት ሁለት ነጥብ እየዘለልን ብናገናኝ ደግሞ ሌላ ኮከብ ይመጣል፤ እርሳሱን ሳናነሳ ስምንቱንም ነጥብ ጎብኝተን እንመለሳለን። ምክንያቱ 3 እና 8 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው መሆኑ ነው።

የእኛዋ ኮከብ መሀሏ ስምንት ጎን፣ ዙሪያዋ ስምንት እኩል ሦስት ማዕዘን ነው። አሁን ከለሩን እናውጣ። ባለ 12 ፍሬው ፓኬት ይበቃል።

ባለቀለም እርሳስ ውስጡ እንደ ተራው እርሳስ ግራፋይት አይደለም፤ የቀለም ዱቄት በሰም ወይም በዘይት ተይዞ የተሠራ ነው። ስለዚህ ላጲስ ሙሉ በሙሉ አያስለቅቀውም። ወረቀትም ለዓይን ለስላሳ ይምሰል እንጂ ጥቃቅን ጉብታና ጉድጓድ አለው። ከመጀመሪያው ተጭነን ከቀባን ሰሙ ጉድጓዱን ይዘጋዋል፤ ሁለተኛው ቀለም ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርገን ይዘን፣ በራሱ ክብደት የሚሄድ ያህል አቅልለን፣ ትናንሽ ክቦች እየሠራን እንሂድ። መጀመሪያ ቢጫ፣ በላዩ ሰማያዊ። አረንጓዴው እርሳስ ፓኬቱ ውስጥ እንደተቀመጠ ከእሱ የበለጠ ሕይወት ያለው አረንጓዴ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ሦስት አራት ጊዜ መደራረብ ይፈልጋል፤ አንዷ ሦስት ማዕዘን ብቻ አምስት ደቂቃ ልትወስድ ትችላለች።

ነገሩ የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። እጅ ሲቸኩል ወዲያው ይታወቃል፤ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ ጠርዙን ያልፋል። እጅ ሲዘገይ ትንፋሽም አብሮ ይዘገያል። ጆሮ የእርሳሱን ኮሽታ ብቻ ይሰማል። ስለ ነገው ሚድ የሚመጣው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም፣ ግን ጥግ ላይ ስንደርስ ጥንቃቄው ስለሚበዛ እሱው ራሱ ይሸሻል። ቁርኣን ቤት የቀራን ልጆች ይህን እናውቀዋለን፤ ሉህ ላይ ስንጽፍ ሐርፉ እስኪያልቅ ትንፋሻችን ይያዝ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የኢትዮጵያን ካርታ ስለን ጣናን በሰማያዊ የምንሞላባት ደቂቃ ነበረች። አውቶካድ ሁሉን በአንድ ክሊክ ሲሞላልን ያቺ ደቂቃ ጠፋች።

ይሁን እንጂ ይህን እርጋታ ዚክር ብለን አንጠራውም። ሙባሕ የሆነ ዕረፍት ነው፤ ኒያችን ለዒባዳና ለጥናት ጉልበት መሰብሰብ ከሆነ ምንዳ እንከጅልበታለን፤ ከዚያ በላይ ስም መስጠት አያስፈልገውም። አዛን ሲል የተጀመረችው ሦስት ማዕዘን ባለችበት ትቆያለች።

ንድፍ ዓይንን እንደሚስብም እናስብ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ዓይናቸው ወደ ጥለቱ ስለሄደ ልብሱ ለአቡ ጀህም እንዲወሰድና በምትኩ የእሳቸው ጥለት የሌለው እንዲመጣላቸው አዘዋል። ስለዚህ የጨረስነውን ሥራ ዶርም ውስጥ ስንለጥፍ በቂብላው ግድግዳ ላይ አይሁን፤ የሎከር በር ውስጠኛው ገጽ ይመቻል። ከጊዜ በኋላ ወፈር ብሎ የተቀባው ላይ ነጭ ጉም መሰል ነገር ብናይ ሰሙ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፣ ቀለሙ አልተበላሸም፤ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርጎ ማበስ ይበቃዋል።

ወላሁ አዕለም።