የአደስ ግንብ

በሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ኮርሲካ የምትባል ተራራማ ደሴት አለች። በሰሜኗ በኩል፥ ወደ ሳን ፊዮሬንዞ ወደብ በሚያስገባው ጠረፍ፥ አደስ ይበቅላል፤ እናቶቻችን ጠጕራቸውን በሚቀቡት ቅቤ የሚጨምሩት፥ ሽታው ደስ የሚያሰኘው ቅጠል ነው። አደስ በጣሊያንኛ ሞርቴላ ስለሚባል ስፍራውም ሞርቴላ ተባለ።

በቀድሞ ዘመን ደሴቲቱን የሚገዙ የጄኖዋ ሰዎች ነበሩ። ከሰሜን አፍሪካ የሚመጡ የባሕር ወንበዴዎች ሰዉን እያፈኑ ለባርነት ይወስዱት ነበርና፥ ገዦቹ በጠረፉ ዙሪያ ብዙ ግንቦች አሠሩ። የሞርቴላው ግንብ በ1563 ተጀምሮ በ1564 ተፈጸመ። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘበኞች ወንበዴ ባዩ ጊዜ ከግንቡ ራስ ላይ እሳት ያነዱ ነበር፤ ባላገሩም ያንን አይቶ ወደ ተራራ ይሸሽ ነበር።

ከ230 ዓመት በኋላ፥ በየካቲት 1794፥ የፈረንሳይ ወታደሮች ግንቡን ይዘው ሳሉ ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች መጡበት። ፎርቲትዩድ 74፥ ጁኖ 32 መድፍ ጭነው ነበር። በግንቡ ውስጥ ግን 33 ሰዎችና 3 መድፎች ብቻ ነበሩ። ማን ያሸነፈ ይመስላችኋል? መርከቦቹ ከሁለት ሰዓት በላይ ተኮሱ፤ ግንቡ አልፈረሰም። ይልቁንም በእሳት የጋለ ጥይት ከግንቡ ተተኵሶ ፎርቲትዩድን አነደዳት፤ 60 ያህል ሰዎችም ሞቱባትና ቆሰሉባት፤ እርስዋም ሸሸች።

የግንቡ ኀይል በቅርጹና በግድግዳው ውፍረት ነበረ። በወንጭፍ የተወረወረ ድንጋይ የዛፍን ግንድ መካከሉን ካልመታ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ በክብ ግንብም ላይ የመድፍ ጥይት እንዲሁ ይሆናል።

እንግሊዞች ግንቡን የያዙት በየብስ በኩል ነው። ጆን ሙር የተባለ መኰንን የነበረበት ጦር መድፎችን በብዙ ድካም ወደ ኰረብታ ጐትቶ አወጣ፤ ለመከላከያ በግንቡ ራስ ዙሪያ የተሞላው ቃጫ መሳይ ነገር በተኵሱ ነደደና፥ በውስጥ ያሉት እጃቸውን ሰጡ።

ድል አድራጊ ጠላቱን መናቅ ይወዳል። እነዚህ ግን የመከታቸውን ግንብ አልናቁትም፤ ለክተው ሥዕሉን ወሰዱ። ስሙን ብቻ አጣመሙት፤ ሞርቴላን ማርቴሎ አሉት። ማርቴሎ በጣሊያንኛ መዶሻ ነውና አደሱ መዶሻ ሆኖ ቀረ!

ወዲያው ናፖሊዮን እንግሊዝን ለመውረር በተነሣ ጊዜ፥ ከ1805 እስከ 1812 በእንግሊዝ ደቡብና ምሥራቅ ጠረፍ 103 የማርቴሎ ግንቦች ተሠሩ። ናፖሊዮን ራሱ የኮርሲካ ተወላጅ እንደ ነበረ አስታውሱ። ለአንዱ ግንብ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጡብ ይገባ ነበር። በባሕር በኩል ያለው ግድግዳ በየብስ በኩል ካለው ይወፍራል፤ ጠላት የሚጠበቀው ከዚያ ነውና። በሩ ከመሬት ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሠራ ስለ ሆነ ያለ መሰላል አይገባበትም። በታች ባሩድና ስንቅ፥ በመካከል አንድ መኰንንና 24 ያህል ወታደሮች፥ በላይ በጣራው ላይ አንድ ትልቅ መድፍ ይኖር ነበር። መድፉ እንደ ወፍጮ መጅ ወዲያና ወዲህ ሳይሆን እንደ ሰዓት ዘንግ ዙሪያውን ይዞራል፤ ስለዚህ ወደ አራቱም ማዕዘን ይተኵሳል።

ናፖሊዮን ግን አልመጣም። ወታደሮቹም በዚያ ባሕሩን ሲመለከቱ ኖሩ። በኋላ በውስጡ ጠመዝማዛ ጥርብ ያለው አዲስ መድፍ ተገኘ፤ ጥይቱ እየተሽከረከረ በቀጥታና በብርታት ይሄዳል። በ1860 በኢስትቦርን ከተማ አጠገብ ይህን መድፍ በአንዱ ግንብ ላይ ቢሞክሩት፥ ያ ወፍራም ግድግዳ ተናደ።

የኮርሲካውን ግንብ ደግሞ እንግሊዞች በ1796 ደሴቲቱን ለቀው ሲሄዱ በባሩድ አፈረሱት። እኩሌታው ወደቀ፤ እኩሌታው ግን ዛሬም በባሕሩ ዳር ቆሟል። ወደዚያ የሚደርስ ሰው በተገመሰው ጎኑ በኩል የግድግዳውን ውፍረት ማየት ይችላል።