ፌኖባርቢታል ከደም ቀስ ብሎ ሲወጣ

በአገራችን ጤና ጣቢያ ለሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት አልፏል። ክኒኑን የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ለምን ያፈዘኛል?» ብሎ ነው። ከዚሁ ጥያቄ እንነሳ፤ መልሱ ለሌላውም መንገድ ይጠርጋልና።

ፌኖባርቢታል መጀመሪያ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ እንዲያንቀላፉ ብሎ የሰጣቸው ሕሙማን በሽታው የሚጥላቸው ጊዜ መቀነሱን አስተዋለ። ሁለቱም ውጤቶች ምንጫቸው አንድ ነው። በአንጎል ውስጥ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያረጋጋ፣ ጋባ የሚባል ኬሚካል አለ። በሽታው የሚነሳው ብዙ ሕዋሳት ባንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሲነቃቁ ነው፤ ፌኖባርቢታል የጋባን ጉልበት ስለሚያበረታ ግርግሩ ይበርዳል። መድኃኒቱ ግን የሚያውከውን ሕዋስ ከሰላማዊው አይለይም። ንቃትንና ሚዛንን የሚጠብቁትም አብረው ይረጋጋሉ፤ መፍዘዝና መንገዳገድ የሚመጣው ከዚህ ነው። ልጆች ላይ አንዳንዴ ተቃራኒው ይታያል፤ ይቅበጠበጣሉ፣ ይነጫነጫሉ። ወላጅ «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ ከመቆጣቱ በፊት ለሐኪሙ ቢነግር ይሻላል። አረቄም ሆነ ጠላ ይህንኑ ጋባን ስለሚያበረታ፣ ከክኒኑ ጋር ሲደረብ ትንፋሽ እስከማዳከም ይደርሳል።

አንጎል ደግሞ በየቀኑ የሚመጣበትን ማረጋጊያ ለማካካስ ራሱን ያስተካክላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የከበደው እንቅልፍ እየቀለለ የሚሄደው ለዚህ ነው። ታዲያ እንዲህ የለመደ አንጎል ማረጋጊያውን በድንገት ሲያጣ፣ በሽታው ከቀድሞው ብሶ ይነሳል፤ አንዱ ሳያባራ ሌላው እየተከታተለ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ከዚህ መድኃኒት ጋር ከተያያዙት ጉዳቶች ሁሉ እኔ አብልጬ የምፈራው ይህን ነው።

የሚያዘናጋው አወጣጡ አዝጋሚ መሆኑ ነው። ከታች ትንሽ ቀዳዳ ያለበትን ሮቶ ያስቡ። በየቀኑ አንድ ባልዲ ውኃ ቢጨምሩበት ውኃው ከፍ ይላል፤ ከፍ ባለ መጠን በቀዳዳው የሚፈሰውም ይበዛል፤ በመጨረሻ የሚገባውና የሚወጣው ይተካከላል። ፌኖባርቢታልም በደም ውስጥ እንዲሁ ነው። ከአዋቂ ሰው ደም ግማሹ ለመውጣት አራት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ይህን ጊዜ ባለሙያዎች «ግማሽ ዕድሜ» ይሉታል። የሚገባውና የሚወጣው እስኪተካከል ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፋል። በአራተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጠን የሚጨምር ሰው ገና ባልሞላ ሮቶ ላይ ሁለተኛ ቧንቧ እንደሚከፍት ነው።

አሁን ነገሩን ገልብጠው ይዩት። ጸበል ለመግባት ወይም ለመጾም ብሎ ክኒኑን የተወ ሰው በማግስቱ ምንም አይሆንም፤ በአራተኛው ቀን እንኳ ግማሹ በደሙ ውስጥ አለ። እንዲያውም መፍዘዙ ስለሚቀንስለት «ድኛለሁ» ይላል። ከሳምንት በኋላ ሲጥለው ከተወው ክኒን ጋር አያገናኘውም። ይኸው ዝግመት ግን ለጾመኛ ይመቻል፦ ለአብዛኛው አዋቂ በቀን አንዴ፣ ማታ መዋጥ ይበቃዋል። ሁዳዴም ሆነ ረመዳን ክኒኑን አያስተውም፤ ጸበሉም ቢሆን ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳል። ማቆም የሚታሰበው ሁለት ዓመት ያህል ሳይጥል ሲቆይ ነው፤ ያኔም በሐኪም ምክር፣ መጠኑን በወራት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ።

ሌላው ጉዳት በስሜት አይታወቅም። ጉበት መድኃኒቶችን የሚሰባብረው ኢንዛይም በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው፤ ፌኖባርቢታል እነዚህን ያበዛቸዋል። በዚህም የሌሎች መድኃኒቶች ዕድሜ በደም ውስጥ ያጥራል። የእርግዝና መከላከያ ክኒንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው በዚህ ምክንያት ይዳከማሉ፤ የሦስት ወሩ መርፌና ሉፕ ግን አይደክሙም። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ሲሄዱ፣ ባይጠየቁም እንኳ ይህን ክኒን እንደሚወስዱ ይናገሩ። ጽንስን በተመለከተ ፌኖባርቢታልም ከስጋት ነፃ አይደለም፤ ለዚሁ በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮየት ግን ይብሳል፦ በእርግዝና ከወሰዱት እናቶች ከሚወለዱ መቶ ሕፃናት አሥር ያህሉ የአካል ጉድለት ይገጥማቸዋል። እርግዝና ሲታሰብ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም፤ በሽታው ሲጥል እናትም ጽንስም ይጎዳሉ።

የቀረው ሽፍታ ነው፤ መንገዱም ለብቻው ነው። የሰውነት መከላከያ መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት የሚመጣ ስለሆነ፣ በትንሽ መጠንም ይከሰታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት። ሽፍታው ከትኩሳት፣ ከአፍ ቁስል ወይም ከዓይን መቅላት ጋር ከመጣ ቀን ሳይሰጡ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ። እዚያ ፌኖባርቢታሉን አቁመው ሌላ ይተኩልዎታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይንም ተመሳሳይ ሽፍታ ሊያስነሱ ስለሚችሉ፣ የደረሰብዎ በካርድዎ ላይ መጻፉን ሳያዩ አይውጡ።