የመናኸሪያዋ ጠቆር ያለች ሻይ

ጥያቄ፦ ሆሳዕና መናኸሪያ ማልጄ ስደርስ፣ መኪናው እስኪሞላ አንድ ብርጭቆ ጠቆር ያለ ሻይ እጠጣለሁ፤ ልቤ ይረጋል። ቤት ሳፈላው ግን ያ ጣዕም የለውም። ለምን? ይጎዳኝስ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መረጋጋትዎ እውነተኛ ነው። በሻይ ቅጠል ያለው ካፌይን ያነቃል፤ ቲያኒን የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ያረጋጋል። በሁለት መዳፍ የታቀፈ ትኩስ ብርጭቆም የደጋውን የማለዳ ብርድ ያስረሳል።

ጣዕሙ የሚለየው በአፈላሉ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቅጠሉም ጊዜ ይፈልጋል። የመናኸሪያዋ ሻይ ሻጭ ማንቆርቆሪያዋን ከከሰሉ ላይ ቶሎ አታወርድም። እርስዎም ቀረፋና ቅርንፉዱን ከውኃው ጋር ያፍሉ፤ ከዚያ የውሽውሽ ወይም የጉማሮ ሻይ ቅጠል ጨምረው፣ ክዳኑን ገጥመው ለ5 ደቂቃ ይተዉት።

ለጤናዎ፣ ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ያርቁት። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል፤ ለነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ላለበት ሰው ይህ ጥንቃቄ ይበረታል። ስኳሩንም ቀነስ ያድርጉ። ከዚህ በተረፈ ያቺን የማለዳ ብርጭቆ ያለ ስጋት ያጣጥሟት፤ መልካም መንገድ!