የእንግዳ መቀበያው ስልክ ሲበላሽ ከየት እንጀምር?

በዛሬው ትምህርታችን በእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የቆየ የስልክ ኮንሶል እንመለከታለን። ትምህርቱ በተለይ በጸሐፊነትና በስልክ ኦፕሬተርነት ለምትሠለጥኑ ነው።

በናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር የኬንያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤትን ጨምሮ ትልልቅና ትንንሽ ቢሮዎች ይገኛሉ። ከካኩማ የሚደውል አንድ ስደተኛ የጠፋ ዘመዱን ለማፈላለግ ወደ አንድ ትንሽ ቢሮ ደወለ እንበል። ጥሪው ወደሚመለከተው ክፍል ካልተላለፈ ሒሳቡ ያልቅበታል፤ ዳግመኛ የሚደውልበትም ላያገኝ ይችላል። ስለሆነም ብልሽቱን ቶሎ ለይቶ ማወቅ የኦፕሬተሩ ሥራ ነው።

1. ዕቃውን ማወቅ

የቢሮ ስልክ አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም የውጭ መስመር፣ ፒኤቢኤክስ የሚባለው ማዕከላዊ ሳጥን፣ ገመድ፣ እንዲሁም የመቀበያው ስልክና ኮንሶል ናቸው። ኮንሶሉ ቁልፎችና መብራቶች የተደረደሩበት ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የአንድ ክፍል የውስጥ መስመር ሲሆን፣ መብራቱ መስመሩ መያዙን ያሳያል። እንደ ፓናሶኒክ ባሉ የቆዩ ዓይነቶች ኮንሶሉ ብቻውን አያነጋግርም፤ በፕሮግራም ከተጣመረው ስልክ ጋር ይሠራል።

2. የምርመራው ቅደም ተከተል

ዋናው ደንብ ይህ ነው፦ ምንም ነገር ከመንቀላችን በፊት ብልሽቱ ከአራቱ በየትኛው ክፍል እንዳለ እንለይ።

ሀ/ የሌሎች ክፍሎች ስልኮችም ዝም ብለዋልን? ሁሉም ከጠፉ የሳጥኑን መብራትና የኤሌክትሪክ ሶኬቱን እንመልከት። ብዙ ሳጥኖች መብራት ሲጠፋ አንድ የውጭ መስመር በቀጥታ ለአንድ ተራ ስልክ ይሰጣሉ። ያ ስልክ የትኛው እንደሆነ አስቀድመን ጠይቀን ምልክት እናድርግበት።

ለ/ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው እየተነጋገሩ ወደ ውጭ መደወል ካቃታቸው፣ ተራ ስልክ በውጭው መስመር መሰኪያ ላይ ሰክተን እንስማ። ድምፅ ከሌለ ጉዳዩ የመስመሩ ባለቤት ነው። ይህ ቀድሞ የኬንያ ፖስታና ቴሌኮሚኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ኮርፖሬሽኑ ሲከፋፈል የስልክ አገልግሎቱ ለቴልኮም ኬንያ ተላልፏል።

ሐ/ ሁሉም ደህና ሆኖ የመቀበያው ስልክ ብቻ ካላቃጨለ፣ በቅድሚያ ትእዛዞቹን እንመርምር። ስልኩ በሌሊት አገልግሎት ላይ ቀርቶ፣ ጥሪው ወደ ሌላ ክፍል ተላልፎ ወይም የ«አትረብሹኝ» ቁልፍ ተጭኖ ይሆናል። እነዚህ ብልሽት ይመስላሉ እንጂ ብልሽት አይደሉም።

መ/ ድምፅ እየተሰማ መብራትና ቁልፍ ካልሠሩ ገመዱን እንጠርጥር። በቆየው የፓናሶኒክ ዓይነት ስልክ ከአራቱ ሽቦዎች የመካከለኞቹ ሁለት ድምፅ ያስተላልፋሉ፤ የዳርቻዎቹ ሁለት ደግሞ የመብራትና የቁልፍ ምልክት ይወስዳሉ። ኮንሶሉ የሚጠቀመው በዳርቻዎቹ ብቻ ነው።

ሠ/ የኮንሶሉ መብራት እየበራ ቁልፉ የማይደውል ከሆነ፣ ጠረጴዛው ሲጸዳ የተጣመረው ስልክ ወደ ሌላ መሰኪያ ተዛውሮ እንደሆነ እንይ። ወደ ቦታው ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ረ/ ንግግር ከተቆራረጠ የእጀታውን ገመድ ከደህና ተመሳሳይ ስልክ አምጥተን እንለውጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ አለበለዚያ የትኛው እንደፈታው አይታወቅም።

3. ጥንቃቄ

ሳጥኑን አንክፈት፤ በውስጡ 240 ቮልት ኤሌክትሪክ አለ። ነጎድጓድ ሲኖር ገመድ አንንካ። ተራ ስልክ በኮንሶሉ መሰኪያ ላይ አንሰካ። ሳጥኑን አጥፍቶ ማብራት የመጨረሻው ርምጃ ነው፤ ጥሪዎች ይቋረጣሉ፣ የውስጥ ባትሪው ካረጀም ፕሮግራሙ ሊጠፋ ይችላል። ይህን የቢሮውን ኃላፊ ሳናስፈቅድ አናድርግ።

ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ በአንዱ ደህና ስልክ ጥሪ እየተቀበልን የደዋዩን ስም፣ መልሶ የሚገኝበትን ቁጥር፣ ሰዓቱንና ጉዳዩን በደብተር እንመዝግብ። ባለሙያው ሲመጣም የሞከርነውንና ያየነውን በተራ እንንገረው።

መልመጃ

1. የውስጥ ጥሪ ይሠራል፣ የውጭ አይሠራም። በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
2. ድምፅ አለ፣ የኮንሶሉ መብራት ግን የለም። የትኞቹን ሽቦዎች ትጠረጥራላችሁ?
3. ሳጥኑን አጥፍቶ ማብራት ለምን የመጨረሻ ርምጃ ሆነ?