ከእጅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል እንዳያመረቅዝ የሰበካ ድርሻ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የቤተሰብ ኑሮ በእጅ ላይ የቆመ ነው። ሞፈር የሚጨብጠው፣ ጤፍ የሚያጭደው፣ እንጀራ የሚጋግረው እጅ ነውና። በማጭድ ወይም በመጥረቢያ ተቆርጦ በቀዶ ሕክምና የተሰፋ እጅ ቢያመረቅዝ፣ ጉዳቱ እስከ ዓመት ቀለብ ይደርሳል። ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ሕሙማንን ቀድመው የሚጎበኙ በመሆናቸው ይህን ትምህርት አቅርበናል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከተል የቁስል ኢንፌክሽን በአብዛኛው በ30 ቀናት ውስጥ ይታያል። ብዙ ጊዜ መነሻው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው ቆዳና አፍንጫም ይገኛል። በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና ሐኪሙ ሴመልቫይስ ባልደረቦቹ እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ የወላዶች ሞት እጅግ ቀንሷል። ስለዚህ ቁስል የሚነካ ሁሉ አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

እጅ የተለየ ጥንቃቄ የሚሻበት ምክንያት አለው። ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶች በጠባብ ሽፋን ውስጥ ይንሸራተታሉ፤ መግል በዚያ ከገባ በፍጥነት ይዛመታል፣ ጅማቱም ሊሞት ወይም ሊጣበቅ ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም አለን ካናቬል ያስተማራቸው አራት ምልክቶች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ፦ ጣቱ ዙሪያውን ያብጣል፤ እንደ ታጠፈ ይቀራል፤ በጅማቱ መሥመር ሲነካ ያማል፤ ሌላ ሰው ሊያቀናው ሲሞክር ሕመሙ ይበረታል። ከእነዚህ አንዱ፣ ወይም ትኩሳት፣ መግል፣ ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መሥመር ከታየ ማደር አይገባም።

ሕመም አለመኖሩም ዋስትና አይሆንም። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተቋቋመው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተጣመመ እጅን የማቅናት ቀዶ ሕክምና ሲሰጥ ኖሯል። የእነዚህ ሕሙማን እጅ ብዙ ጊዜ ስለማይሰማው ቁስሉ ሳይታወቅ ሊያመረቅዝ ይችላል። ነርቩ የተቆረጠ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ ነውና፣ እጁን በየዕለቱ በዓይን መመልከት ይገባል።

ለሕሙማን የሚነገረው ምክር ይህ ነው፦ እጅ ከልብ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ፋሻው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ ቅጠል ወይም አመድ አይደረግበት፤ የታዘዘው መድኃኒት ሕመሙ ቢቀልም ሳይቋረጥ ይፈጸም። የእጅ ስፌት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ይህን ቀጠሮ መዝለል አይገባም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዳቸውም ይጠየቅ።

ለካህናት ሁለት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ የተሰፋው እጅ እንዳይርስ ምከሩት፤ ጠበልና ሕክምና አይጣሉም። ሁለተኛ፣ ቁስል እንዲድን ሰውነት በቂ ምግብ ይሻልና፣ የንስሐ አባት የሕሙማንን ጾም በማቅለል ይርዳ።

የሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ከማኅበራትና ከዕድሮች ጋር ተመካክረው የመጓጓዣ ገንዘብ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ከገበዝ ማርያምና ከአካባቢው ቀበሌዎች ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሕመምተኛ፣ የመሳፈሪያ እጦት አንድ ቀን ቢያዘገየው ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አስሮ ብቻ አልተወም፤ ወደ ማረፊያው አደረሰው፣ ወጪውንም ሸፈነ። የሰበካችንም ድርሻ ይኸው ነው።