የሁለት ሰው ሥራ፣ የአንድ ሰው ስም

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ አብረው በጭቃ የሠሩትን የቤት ሞዴል አየሁና «ጎበዝ!» ብዬ ልጁን ብቻ አመሰገንኩት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች። እንዲህ ያለው ስሕተት በትልልቆቹም ዘንድ አለ። ከአርክቴክቶች፣ ማለትም ከሕንፃ ንድፍ አውጪዎች፣ አንድ ምሳሌ ላምጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ዴኒዝ ስኮት ብራውን በ1931 በዛሬዪቱ ዛምቢያ ተወልደው ደቡብ አፍሪካ ያደጉ አርክቴክት ናቸው። በ1967 አሜሪካዊውን አርክቴክት ሮበርት ቬንቱሪን አግብተው በአንድ ቢሮ አብረው ሠሩ፤ የከተማ ፕላኑን ሥራ የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ጸሐፊዎች ግን የሁለቱን ሥራ ሲያነሡ የባልን ስም ብቻ ይጠሩ ነበር። ወይዘሮዋ ይህን በደል በ1975 ጻፉት፤ ሥራዬን ይጎዳብኛል ብለው ስለ ሰጉ ግን እስከ 1989 ሳይታተም ቆየ። አሥራ አራት ዓመት እኮ ነው!

በ1991 በሙያው ትልቁ የሆነው የፕሪትዝከር ሽልማት ለባል ብቻ ተሰጠ። ሚስት በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኙም። ሽልማቱ የአንድ ሰው ብቻ ነው እንዳንል፣ በ2001 አብረው ለሚሠሩ ሁለት ወንዶች ተሰጥቷል።

በ2013 ሁለት የሃርቫርድ ሴት ተማሪዎች የወይዘሮዋ ስም ይጨመር ብለው ፊርማ አሰባሰቡ። ብዙ ሺህ ሰው ፈረመ፤ ቬንቱሪም ራሳቸው ፈረሙ። ዳኞቹ ግን የቀድሞ ዳኞችን ውሳኔ አንነካም አሉ። በ2016 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያውን ለሁለቱም ሰጠ፤ የ1991ዱ ሽልማት ግን ዛሬም በአንድ ስም ነው።