ውሻን አስከትሎ ተራራ መውጣት
(ለተማሪዎችና ለወላጆች)



ውሻ የታመነ የቤት ጠባቂ ነው፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ! ከጌታው ጋር መንገድ መሄድ፣ ዳገት መውጣትም ደስ ይለዋል። እኛ ያለንበት ካምፓላም ኮረብታ የሞላበት ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ውሻ አስከትለን ሽቅብ ከመውጣታችን በፊት ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በዛሬው ትምህርታችን በአገራችን በባሌ ተራሮች የደረሰውን እንመለከታለን።

1. ቀይ ቀበሮና ውሻ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የሚኖረው ከፍታቸው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ብርዳማ ቦታዎች ሲሆን፣ ዋና ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ነው። በሕይወት ያለው 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው በባሌ ነው።

የባሌ እረኞች ከብቶቻቸውን ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ ውሻ ይዘው ወደ ተራራው ይወጣሉ። ይህ ኑሯቸው ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ሊወጣ ይችላል። በሽታው የሚተላለፈው በለሃጭ፣ በተለይም በንክሻ ነው። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ተሰባስቦ ስለሚኖር፣ አንዱ ከታመመ በሽታው ለሌሎቹ በቀላሉ ይዳረሳል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1991-92፣ በ2003-04 እና በ2008-09 በባሌ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። መፍትሔው ክትባት ሆነ፤ የአካባቢው ውሾች እንዲከተቡ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ለቀበሮዎቹ ይሰጣቸዋል።

በዩጋንዳም የሩዌንዞሪና የኤልጎን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች ስለሆኑ የቤት እንስሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ምክንያቱን አሁን ተረድታችኋል።

2. በሽታው በሰው ላይ

ይህ በሽታ ሰውንም ይገድላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከ100 ሕሙማን 99ኙ በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ከ10 ሟቾችም 4ቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ከተነከሱ በኋላ ሳምንታት ወይም ወራት ያለ ምልክት ሊያልፉ ይችላሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። ከዚያ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ሕይወት ያድናል፤ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠውም ይህንኑ ክትባት ነው።

3. ውሻ ቢነክሳችሁ

ሀ) ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ።
ለ) በርበሬ፣ አመድ ወይም ቅጠል አታድርጉበት።
ሐ) ትንሽ ጭረት ቢሆንም ለወላጅ ወይም ለመምህር ተናገሩ።
መ) በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንደሚገኝ ጠይቁ።
ሠ) ክትባቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሰጣል፤ ቁስሉ ዳነ ብላችሁ አታቋርጡ።

4. ለወላጆች

ልጅ መነከሱን የሚደብቀው ቁጣ ፈርቶ ነው። «ማን ውሻ ንካ አለህ?» ከማለታችሁ በፊት ውኃና ሳሙና አቅርቡ። ጸሎቱም ጠበሉም ሊቀጥል ይችላል፤ ክትባቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አይዘግይ። በቤታችሁ ውሻ ካለ በየጊዜው አስከትቡት፤ ለሽርሽር ሲወጣም በገመድ ይያዝ።

ጥያቄዎች

1. በሽታው በቀይ ቀበሮዎች ዘንድ በፍጥነት የሚዛመተው ለምንድን ነው?
2. ጓደኛችሁ በውሻ ተነክሶ «ለማንም አትንገሩብኝ» ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ምክንያታችሁንም ጻፉ።
3. ይህን ትምህርት ማንበብ ለማይችል አንድ የቤተሰባችሁ አባል አንብቡለት።